ገዝቶ፣ ቀድቶ መመለስ

ሙዚቃ ገዝቶ፣ ቤት ወስዶ፣ ቀድቶ፣ ዕቃውን ለሻጩ መልሶ ገንዘብን መቀበል ሁለት ድርጊት ነው። መቅዳቱ የደራሲውን፣ የዘፋኙንና የአሳታሚውን ድርሻ ይነካል፤ መመለሱ የባለሱቁን። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ተከራካሪ አያጡም። የገዛሁትን ለራሴ ብቀዳ ማንን በደልኩ የሚል አለ፤ ያልወደድኩትን ዕቃ ብመልስ ምን ነውር አለው የሚልም አለ። ሲገጣጠሙ ግን ገዢው ዘፈኑንም ገንዘቡንም ይዞ ይቀራል። ነገሩ የተጀመረው መቅጃ መሣሪያ ከስቱዲዮ ወጥቶ ሳሎን ከገባ ወዲህ ሲሆን፣ የየአገሩ ሕግና ንግድ የሰጡት መልስም እጅግ የተለያየ ነው። ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሸክላ ዘመን ጥያቄው እምብዛም አልነበረም። ሸክላ ማተም ፋብሪካ ይጠይቃል፤ ተራ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊያባዛው አይችልም። ደንበኛ ሸክላ ሊመልስ ቢመጣ ባለሱቁ የሚመረምረው መርፌ ጭሮት እንደሆነ ብቻ ነበር። ብዙ ሱቆችም ደንበኛው ከመግዛቱ በፊት የሚያዳምጥባቸው ጠባብ ክፍሎች ነበሯቸው፤ አድምጦ የገዛ ሰው ኋላ አልወደድኩትም የሚልበት አፍ አይኖረውም። በ1940 ሆሊውድ ውስጥ የተከፈተው ዎሊክስ ሚውዚክ ሲቲ በእነዚህ ማዳመጫ ክፍሎቹ የታወቀ ነበር። ይኸው ሱቅ አልበሞችን በሴሎፎን ጠቅልሎ፣ ደንበኛው ራሱ እያገላበጠ እንዲመርጥ መደርደሪያ ላይ በማቅረብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እንደሆነ ይነገርለታል። ሽፋኑ የታሰበው ለአቧራና ለጣት ነበር። ኋላ ላይ ግን የምስክርነት ሥራ ተሰጠው፤ ሽፋኑ ከተቀደደ ዕቃው ተሰምቷል፣ ከተሰማ ደግሞ ተቀድቶ ሊሆን ይችላል የሚባልበት ዘመን መጣ።

የመጀመሪያው ትልቅ ክርክር የተነሳው ጀርመን ውስጥ ነው። አ.ኤ.ጌ. የተባለው ኩባንያ ማግኔቶፎን የሚሰኘውን በክር የሚቀዳ መሣሪያ በ1935 በርሊን ላይ ለሕዝብ አሳየ። ከጦርነቱ በኋላ እንደ ግሩንዲግ ያሉ ፋብሪካዎች ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ሪል ቴፕ ማምረት ያዙ። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1901 ሕግ ለግል ጥቅም መገልበጥን ይፈቅዳል፤ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ግን በሐሳባቸው የነበረው ኖታ በእጁ እየጻፈ የሚገለብጥ ሰው ነው። የዜማና የግጥም ደራሲያንን ክፍያ የሚሰበስበው ጌማ የተባለው ማኅበር ክስ መሠረተ፤ የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1955 ያ ፈቃድ በማሽን መቅዳትን አይጨምርም ሲል ወሰነ። በወረቀት ላይ ደራሲያኑ ረቱ። ይሁንና ቤት ለቤት እየዞረ ማን ይቆጣጠር? ጌማ አንድ ዘዴ አመጣ፦ መቅጃ የሚገዛ ሁሉ መታወቂያ ያሳይ፣ ስሙም ይተላለፍልኝ አለ። ፍርድ ቤቱ በ1964 ይህን ሳይቀበል ቀረ። ስሙ ቢታወቅ እንኳ ሰውየው ምን እንደቀዳ ለማረጋገጥ ጓዳው መግባት ያስፈልጋል፤ የሰው መኖሪያ ደግሞ አይደፈርም።

የጀርመን ሕግ አውጪዎች ከዚህ አጣብቂኝ የወጡበት መንገድ እስከ ዛሬ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ይሠራበታል። በ1965 የወጣው አዲሱ የደራሲያን መብት ሕግ ለግል መቅዳትን ፈቀደ፤ በምትኩ የመቅጃ መሣሪያ አምራቾች ከመሸጫ ዋጋቸው እስከ 5 በመቶ ለባለመብቶቹ እንዲከፍሉ አዘዘ። ከ1985 ጀምሮ ክፍያው ለባዶ ካሴትም ሆነ። የቀዳው ሰው ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ታለፈ፤ ዕዳው ብቻ ተከፈለ። መቅጃውን የልጁን ድምፅ ሊቀዳበት የገዛ አባትም ዘፈን ከሚቀዳው እኩል መክፈሉ ፍትሐዊ ነው ማለት ይከብዳል። ቢሆንም ማንንም ሌባ ሳይል ለደራሲው ገንዘብ ያደረሰ ሌላ ሥርዓት በዚያን ጊዜ አልነበረም።

ነገሩን የሁሉም ቤት ጉዳይ ያደረገው ካሴት ነው። የፊሊፕሱ መሐንዲስ ሉ ኦተንስና ባልደረቦቹ የሠሩት ካሴት በ1963 በርሊን ላይ ታየ። አነስተኛ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ክሩን በእጅ መንካትም አያስፈልግም። ሠሪዎቹ ግን አንዲት ጥንቃቄ ጨምረውበት ነበር። ከካሴቱ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ፣ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ቅጠሎች አሉ፤ ቅጠሏ ከተሰበረች የቴፑ የመቅጃ ቁልፍ አይጫንም። ዘፈን ተቀድቶባቸው የሚሸጡ ካሴቶች በድንገት እንዳይጠፉ ያለ ቅጠሎቹ ይመጣሉ። ቀዳዳዋ ላይ ወረቀት የወተፈ ወይም ፕላስተር የለጠፈ ግን በዋናው ካሴት ላይ የፈለገውን ይቀዳበታል። ይህን ብልሃት የማያውቅ የካሴት ዘመን ልጅ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለት ካሴት ጎን ለጎን የሚይዝ ዴክ ሲመጣ መገልበጥ የአንድ ቁልፍ ሥራ ሆነ። የብሪታኒያ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር በ1981 ቤት ውስጥ መቅዳት ሙዚቃን እየገደለ ነው የሚል ዘመቻ ከፈተ፤ ምልክቱ ካሴትን እንደ ራስ ቅል፣ ከሥሩም ሁለት የተጠላለፉ አጥንቶችን የያዘ ሥዕል ነበር። በዚያው ዓመት አይላንድ ሬከርድስ አንዱ ገጽ ላይ ሙሉ አልበም የያዘ፣ ሌላኛው ገጹ ባዶ የሆነ ካሴት ለገበያ አቀረበ። ባዶው ገጽ ምን እንዲቀዳበት እንደተተወ ለማንም አልጠፋውም፤ የሙያ ጓደኞቹም ክፉኛ ተቆጡ። ቀጥሎ የተከሰሰው አምስትራድ የተባለው ባለ ሁለት ካሴት ዴክ የሚሸጥ ኩባንያ ሲሆን፣ ጉዳዩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ በ1988 ኩባንያው ነፃ ወጣ። ዴክ መሸጥ መቅዳት ያስችላል እንጂ መብት አይሰጥም፣ ምን እንደሚቀዳ የሚወስነው ገዢው ነው ተባለ። ፍርዱን የጻፉት ሎርድ ቴምፕልማን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በየዓመቱ የሚጥሰውና የሚንቀው ሕግ ወይ ይሻሻል ወይ ይሻር ሲሉ አሳሰቡ። ከመንበር ላይ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ሕጉ ከሰው ልማድ ምን ያህል እንደራቀ ያሳያል።

እስካሁን የተነገረው ስለ መቅዳቱ ነው። መመለሱ የተጨመረበት ጃፓን ላይ ነው። በ1980 አንድ የሪክዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከቶኪዮ ወጣ ባለችው ሚታካ ሬይኮዶ የተባለ የሸክላ ማከራያ ሱቅ ከፈተ። የሸክላ ዋጋ ለጃፓን ተማሪ ቀላል አልነበረም። የሽያጩን ዋጋ ጥቂት እጅ ከፍሎ አልበሙን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን መውሰድ ግን ማንም ይችላል፤ ሌሊቱን ቀድቶ በማግስቱ ይመልሳል። እንዲህ ያሉ ሱቆች በጥቂት ዓመታት ከ1,000 በላይ ሆኑ፤ ባዶ ካሴትም እዚያው ይሸጣሉ። በዚህ ንግድ ውስጥ ውሸት የለም። ተከራዩ ዕቃው ተበላሽቶብኛል ብሎ አይምልም፣ ባለሱቁም አይታለልም። ያልተጠየቁት ደራሲው፣ ዘፋኙና አሳታሚው ናቸው። እነርሱም ከሰሱ፤ ምክር ቤቱም በ1984 የቅጂ መብት ሕጉን አሻሻለ፤ ማሻሻያው ከ1985 መግቢያ ጀምሮ ጸና። አሳታሚውና ዘፋኙ አልበሙ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ኪራይ መከልከል ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማከራየቱ አይከለከልም፣ የሚጠይቁት ክፍያ ብቻ ነው። ሱቆቹ ሳይዘጉ ከፋዮች ሆኑ፤ በ1983 ኦሳካ አጠገብ የተጀመረው ጹታያም በዚህ ሥርዓት ውስጥ አድጎ አገር አዳረሰ።

አሜሪካ ተቃራኒውን መረጠች። እዚያ ከ1908 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ አንድ መጽሐፍ ወይም ሸክላ አንዴ ከተሸጠ በኋላ ገዢው እንደወደደ ሊሸጠው፣ ሊያውሰው፣ ሊያከራየው ይችል ነበር። የሸክላ ማከራያዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብቅ ሲሉ የቆሙት በዚህ መብት ላይ ነው። አሳታሚዎቹ ሱቆቹ ከጃፓን ቁጥር ሳይደርሱ ምክር ቤቱን አስጨነቁ፤ በጥቅምት 1984 የወጣው ማሻሻያም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሸክላና ካሴት አከራይቶ መነገድን ከለከለ። ለትርፍ ያልቆሙ ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች ብቻ ተተዉ። በ1990 የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተጨመረ። የፊልም ካሴት ግን ሁለቱም ጊዜ ታለፈ፤ በየመንደሩ ቪዲዮ ማከራያ የበዛውም ስለዚህ ነው። ፊልም አንዴ ታይቶ ይመለሳል፣ ዘፈን ግን መቶ ጊዜ ይሰማል የሚለው ግምት ከዚህ ልዩነት በስተጀርባ አለ።

ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ነጋዴ መላ እንደማያጣ ያውቁ ነበር። ስለዚህ የከለከሉት ኪራይን ብቻ ሳይሆን የኪራይ ባሕርይ ያለውን ማንኛውንም ሥራ ጭምር ነው። ቃሉ ለምን እንደተጨመረ በ1995 ኒውዮርክ ላይ የተፈረደ ጉዳይ ያሳያል። ግሎባል የተባለ የሶፍትዌር ሱቅ ማከራየት ሲከለከል ንግዱን ሽያጭ ብሎ ሰየመው። ደንበኛው የማይመለስ ትንሽ ገንዘብ አስይዞ ፕሮግራሙን ይወስዳል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመለሰው ቀሪውን አይከፍልም፤ ካልመለሰው ሙሉ ዋጋው ይታሰብበታል። ሱቁ ይህ ደንበኛ የማያስቀይም የመመለሻ ደንብ ነው ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ስሙን ትቶ የሚሆነውን አየ፦ ሁሉም ይወስዳል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ይመልሳል፣ ሱቁ የሚያተርፈው ከማይመለሰው ገንዘብ ነው፤ ይህ ኪራይ ነው አለ። የተከፈተ ዕቃን ያለ ጥያቄ መልሶ መቀበልና ማከራየት ምን ያህል ኩታ ገጠም እንደሆኑ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጉዳይ አይገኝም።

ተራው ባለሱቅ ፍርድ ቤት ሳይደርስ የራሱን ደንብ ሠራ። ያልተከፈተ ይመለሳል። የተከፈተ ግን የሚለወጠው በዚያው አልበም ብቻ ነው፤ ገንዘብም ሌላ ዘፈንም አይሰጥም። ደንቡ ቀላል ቢመስልም ብልህ ነው። ካሴቱ በእርግጥ የተበላሸበት ሰው ደህና ካሴት ያገኛል፤ ቀድቶ የመጣው ደግሞ ያንኑ አልበም ተሸክሞ ይመለሳል። ባለሱቁ በደንበኛው ፊት ቆሞ እውነትና ውሸት መለየት አይጠበቅበትም። ግን በደሉ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። አንዳንድ የአሜሪካ ሱቆች የራሳቸው የፕላስቲክ መጠቅለያ ማሽን ስለነበራቸው የተመለሰውን እንደገና አሽገው እንደ አዲስ ይሸጡት ነበር፤ ጭረቱ ቀጥሎ ለሚገዛው ይደርሳል። ከባለመብቶቹና ከባለሱቁ ሌላ ሦስተኛ ተጎጂ አለ የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ በሥነ ምግባር ክርክሩ ውስጥ ግን ይህን ሰው የሚያነሳው ጥቂት ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አቶ አምኃ እሸቴ በ1969 ሸክላ ማሳተም የጀመሩት ሥራው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ በነበረበት ጊዜ ደፍረው ነው። በ1975 አገር ለቀው ወጡ። አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቁት አቶ አሊ አብደላ ካይፋ ከሸክላ ወደ ካሴት ከተሻገሩት ቀዳሚ አሳታሚዎች አንዱ ሆኑ፤ በደርግ ዘመንም ሙዚቃ ማለት ካሴት ማለት ሆነ። ያን ጊዜ የብዙ ሙዚቃ ቤቶች አንዱ ሥራ ማስቀዳት ነበር። ደንበኛው ባዶ ካሴትና የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች የጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ይሰጣል፤ ተቀድቶ ሲያልቅ መጥቶ ይወስዳል። የሚከፍለው የቀጂውን ድካም እንጂ የዘፈኑን ዋጋ አይደለም። ስለዚህ ገዝቶ፣ ቀድቶ መመለስ የሚባለው ተንኮል ቦታ አልነበረውም፤ የሚቀዳው ሱቁ ራሱ ነውና። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚለው ማስታወቂያም በየግድግዳው ተለጥፎ በሩን ቀድሞ ዘግቶታል።

በሠፈር ሥነ ምግባር የጎረቤትን ካሴት ተውሶ መቅዳት ነውር አልነበረም። ነውሩ የተዋሱትን ሳይመልሱ መቅረት፣ ይባስ ብሎ በላዩ ላይ ሌላ ነገር መቅዳት ነበር። ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ በየጊዜው ድምፁ እየደበዘዘ፣ ሹክሹክታው እየበዛ ስለሚሄድ ዋናውን የያዘ ሰው እንደ ባለሀብት ይቆጠራል። ጉዳቱ አሳታሚውና ዘፋኙ ጋ ሲደርስ ግን ቀላል አልነበረም። አዲስ አልበም በወጣ በቀናት ውስጥ ተባዝቶ፣ ሽፋኑ ሳይቀር ተመሳስሎ ሲሸጥ ዘፋኙ የሚተዳደረው ከመድረክ በሚያገኘው ብቻ ሆነ። ይህ ከጎረቤት ውሰት የተለየ፣ በጅምላ የሚካሄድ ዘረፋ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መውቀስ የመጀመሪያውን ያከብደዋል፣ ሁለተኛውን ያቀለዋል።

ሕጉ ቀስ ብሎ ነው የደረሰው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለድርሰትና ለኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤት ጥበቃ ቢሰጥም የድምፅ ቅጂ አሳታሚንና ዘፋኝን እንደ ራሳቸው ባለመብት አልቆጠረም። ይህ የተሟላው በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ነው። አዋጁ ሆን ብሎ መብቱን ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደንግጓል፤ ነገር ግን አንድ ግለሰብ ለራሱ መገልገያ ብቻ ታትሞ ከወጣ ሥራ አንድ ቅጂ ቢገለብጥ ባለመብቱ እንዳይከለክለው አድርጓል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል ክፍያ የሚሰበስቡ የባለመብቶች ማኅበራት ጉዳይ ታከለበት። እስከዚያ ድረስ ግን ካሴቱ ራሱ ከገበያ እየወጣ ነበር። ማስቀዳት የነበረው ማስጫን ሆነ፤ ደንበኛው የሚሰጠው ፍላሽ ወይም የስልኩን ሚሞሪ ካርድ ነው፤ የሚጫንለትም አንድ አልበም ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠር ዘፈን ነው።

ሲዲ በ1990ዎቹ መጨረሻ በየኮምፒዩተሩ መገልበጥ ሲቻል ቅጂውና ዋናው በድምፅ አይለዩም፤ የካሴት ድብዘዛ የጣለው ተፈጥሯዊ ገደብ ጠፋ። የአውሮፓ ኅብረት በ1997 ከሱቅ ውጭ በስልክና በፖስታ ስለሚደረግ ግዢ ባወጣው መመሪያ ገዢው ሐሳቡን ቀይሮ ዕቃ እንዲመልስ ቀን ሰጠው፤ ማሸጊያው የተከፈተ የድምፅና የምስል ቅጂ እንዲሁም ሶፍትዌር ግን ሌላ ውል ከሌለ አይመለስም አለ። የ2011 መመሪያም ይህንኑ ጠብቆ አቆየ። የሆሊውዱ ሴሎፎን በዚህ ጊዜ ሕጋዊ ኃይል አገኘ። የተበላሸ ዕቃ ከተከፈተም በኋላ ይመለሳል፤ የሚጠፋው ሐሳብን የመለወጥ መብት ብቻ ነው።

በ2005 ደግሞ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። ሶኒ ቢ.ኤም.ጂ. መገልበጥን ለመከላከል ብሎ በ52 አልበሞች ላይ ኤክስ.ሲ.ፒ. የሚባል ፕሮግራም ጭኖ ሸጠ። ሲዲው ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ፕሮግራሙ ራሱን ደብቆ ይጫናል፤ ለሌሎች ክፉ ፕሮግራሞችም መሸሸጊያ ይሆናል። የኮምፒዩተር ባለሙያው ማርክ ሩሲኖቪች በጥቅምት መጨረሻ ሲያጋልጠው ጩኸት ተነሳ፤ በኅዳር ኩባንያው ሲዲዎቹን ከገበያ ሰብስቦ፣ የገዙትም ሲልኩለት ፕሮግራሙ በሌለበት ሲዲ እንደሚለውጥላቸው አስታወቀ። ለአንድ ትውልድ የተከፈተ አይመለስም ሲል የኖረው ዘርፍ የተከፈቱ ሲዲዎቹን በፖስታ መልሱልኝ ብሎ ለመነ። እዚህ ላይ የታመነውን ያጎደለው ወገን ደንበኛው አልነበረም፤ በዋናነትም የተጎዱት ሲዲውን በሕጋዊ መንገድ የገዙት ናቸው፤ ከሌላ ሰው የተቀዳ ዘፈን የወሰደው ምንም አልደረሰበትም።

ዘፈን ያለ ዕቃ መሸጥ ሲጀምር የአውሮፓው ሕግ ማሸጊያውን በሌላ ተካው፦ ገዢው ፋይሉ አሁኑኑ ይውረድልኝ ብሎ፣ የመመለስ መብቱ እንደሚቀር አውቆ ከተስማማ ማውረድ ሲጀምር መብቱ ያልቃል። ያገለገለ ሲዲ መሸጥ ከተፈቀደ ያገለገለ ፋይል መሸጥ ለምን ይከለከላል የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ሪዲጂ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2011 ይዞ ተነሳ። ፕሮግራሙ ሻጩ ፋይሉን ከኮምፒዩተሩ ማጥፋቱን እየተከታተለ ያረጋግጣል። ካፒቶል ሬከርድስ ከሰሰው። በ2013 የመጀመሪያ ደረጃው፣ በ2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፋይል ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሲሄድ አዲስ ቅጂ ስለሚፈጠር ሽያጩ መቅዳት ነው ሲሉ ወሰኑ። ሻጩ አስቀድሞ ሌላ ቦታ ያስቀመጠውን ቅጂ ፕሮግራሙ ሊያውቅ እንደማይችልም በክርክሩ ተነስቷል። በወር ክፍያ በሚሰማው ሙዚቃ ላይ ይህ ሁሉ አይነሳም፤ ደንበኛው መክፈሉን ካቋረጠ ስልኩ ላይ ያወረደው ዘፈን ያለ እርሱ ፈቃድ መጫወት ያቆማል።